ትርንጎና የቢ ዙህራ ጥብስ

ልጆች፣ ጠጋ በሉ። የዛሬው ታሪክ ከባሕር የመጣ ነው፤ ቢቀምሱት ጨው ጨው ይላል።

ትርንጎ የምትባል ልጅ ነበረች። የፊት ጥርሷ ወልቋል። ስትስቅ በቀዳዳው ነፋስ ይገባል።

አባቷ የጀልባ ሞተር ይጠግናል። ብዙ አይናገርም። ሲናገርም ባጭሩ ነው።

አንድ ጊዜ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ አባቷ ለሥራ ወደ አንዲት ትንሽ ደሴት ሄደ። እናቷ አራስ ስለነበረች ትርንጎን ይዟት ሄደ።

ደሴት ማለት ዙሪያዋን ውሃ የከበባት መሬት ናት። በዚህ ብታዩ ባሕር። በዚያ ብታዩ ባሕር።

ባሕሩም ዝም አይልም። ሹሽ... ሹሽ... ሹሽ... ይላል።

ትርንጎ የጣና ልጅ ናት። ብዙ ውሃ አይታ ታውቃለች፤ ዓሣም በልታ ታውቃለች።

ይህን ውሃ ግን በመዳፏ ቀድታ ቀመሰችና «እንትፍ!» አለች። ጨው ነው።

ከቤት ስትወጣ አያቷ እመት ዘውዴ መክረዋት ነበር። ሰው ሲጋብዝሽ እንደ ዶሮ ዘለሽ እንዳትገቢበት አሏት።

«መጀመሪያ ‹አይ፣ ጠግቤያለሁ› በይ። ‹በሞቴ› ይሉሻል። አሁንም ‹አይ፣ ጠግቤያለሁ› በይ። ‹አፈር ስሆን› ይሉሻል። ያኔ ትንሽ ቅመሺ።»

ጨዋ ልጅ እንዲህ ነው የምትበላው። ትርንጎም ጨዋ ልጅ ናት።

በሰፈሯ እንዲህ ስታደርግ ሁልጊዜ ሆዷ ሞልቶ ነበር ወደ ቤቷ የምትመለሰው።

ደሴቲቱ ላይ በደረሱ ማግስት አባቷ ማልዶ ወደ ጀልባዎቹ ወሰዳት። ቁርሳቸው ሻይ ብቻ ነበር።

ከጀልባዎቹ አጠገብ፣ አሸዋው ላይ፣ ምግብ ሻጮች ተደርድረዋል። አንዱ ይጠብሳል፣ አንዱ ይቀቅላል፣ አንዱ ይጨምቃል።

አባቷ ሁሉንም ያውቃቸዋል። ልጄ ያማራትን ትቅመስ ብሎ ነገራቸው።

ለትርንጎ ደግሞ ከዓይኔ አትራቂ አላት። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ሞተሩን መፍታት ጀመረ።

ጊርር፣ ጊርር፣ ጊርር!

አንድ ሽማግሌ የሸንኮራ መጭመቂያ ያዞራሉ። ሸንኮራው በዚህ ይገባል፤ ጭማቂው አረፋ ለብሶ በዚያ ይወርዳል።

ሽማግሌው ሎሚ ጠብ አደረጉበትና ብርጭቆውን ዘረጉላት። «ካሪቡ» አሏት። በእነሱ ቋንቋ፣ በስዋሂሊ፣ «ነይ፣ ቅረቢ» ማለት ነው።

ትርንጎ ከንፈሯን ላሰች። ግን ጨዋ ልጅ ናት።

እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። ራሷን ግራና ቀኝ ወዘወዘች። «አይ፣ ጠግቤያለሁ።»

ሽማግሌው ቃሉን ባያውቁትም እጇን አይተው ገባቸው። ፈገግ አሉና ጭማቂውን ራሳቸው ጭልጥ አደረጉት።

ትርንጎ ቆማ ጠበቀች። «በሞቴ» የሚል የለም።

ሆዷ ጉር፣ ጉር፣ ጉር አለ።

ቸስስ፣ ቸስስ፣ ቸስስ!

ሁለት ወንድማማቾች በትልቅ መጥበሻ ሽሪምፕ ይጠብሳሉ። ሽሪምፕ እንደ ትንሽ ጣት የተቆለመመ የባሕር እንስሳ ነው።

ዘይቱ ውስጥ ሲገባ ግራጫ ነው። ሲወጣ ብርቱካን ይመስላል።

ታናሽየው አንዱን እንጨት ላይ ሰካና ዘረጋላት። «ካሪቡ።»

ሽታው አፍንጫዋ ገባ። ከአፍንጫዋ ሆዷ ገባ። ትርንጎ ግን እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። «አይ፣ ጠግቤያለሁ።»

ልጁ እሺ አለና ሽሪምፑን ከእግሩ ሥር ለተቀመጠች ድመት ሰጣት።

ድመቷ «ጠግቤያለሁ» አላለችም። ዋጥ አደረገችው። ከዚያ ጢሟን እየላሰች ትርንጎን አየቻት።

የትርንጎ ሆድ ጉር፣ ጉር፣ ጉር አለ።

ልጆች፣ ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያች ደሴት ሰው ጠግቤያለሁ ካለ፣ ጠግቧል።

ደጋግሞ መለመን እዚያ ነውር ነው። ቃልሽን አላምንም እንደማለት ይቆጠራል።

ይህን ግን ለትርንጎ የነገራት ሰው አልነበረም።

ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ!

ሴቶች በትልቅ ትሪ ዙሪያ ተቀምጠው የሸርጣን እግር በድንጋይ ይሰብራሉ። ትሪው ላይ ሩዝ አለ። ሩዙ ላይ የኮኮናት መረቅ ፈስሷል።

ትርንጎን ሲያዩ ሁሉም ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት። «ካሪቡ፣ ካሪቡ።»

ቦታው ልክ የእሷን ያህል ነበር። ትርንጎ ቦታውን አየችው። ትሪውንም አየችው።

«አይ፣ ጠግቤያለሁ» አለች። ድምፅዋ ግን ቀጭን ሆኖ ነበር።

ሴቶቹ ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ቦታቸው ተመለሱ። የእሷን ያህል የነበረው ቦታ ጠፋ።

ጉር፣ ጉር፣ ጉር።

ጧ! ጧ! ጧ!

ይህ ደግሞ ምንድን ነው? ትርንጎ ወደ ድምፁ ዞረች።

አንዲት ትልቅ ሴትዮ አንድ የሚያሟልጭ ነገር እያነሱ ድንጋይ ላይ ይመታሉ። ጧ! ጧ! ጧ!

ኦክቶፐስ ነው። ስምንት ረጃጅም እጆች አሉት። አጥንት የለውም። ደህና አድርገው ካልመቱት እንደ ጎማ ጠንክሮ አይላመጥም።

ትርንጎ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደች። እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም።

ሴትዮዋ ኦክቶፐሱን ፍሙ ላይ አደረጉት። ስምንቱም እጆች ቀስ እያሉ ተጠቀለሉ።

ጭሱ ወጣ። ሎሚና ቃሪያ ጠብ ሲልበት ሽታው ተለወጠ።

ትርንጎ ወደ ፊት ሁለት እርምጃ ሄደች።

ከሁሉ ይልቅ ይህን መቅመስ ፈለገች። የፈለገችው በምላሷ ብቻ አይደለም። በአፍንጫዋም፣ በሆዷም፣ በእግር ጣቶቿም ፈለገችው።

ሴትዮዋ ቁራጭ በእንጨት ሰክተው ዘረጉላት። «ካሪቡ።»

የትርንጎ እጅ ሳታዘው ተነሣ። ትርንጎም ይዛ መለሰችውና ከጀርባዋ ደበቀችው።

«አይ፣» አለች፤ ምራቋን ዋጠች። «ጠግቤያለሁ።»

ሴትዮዋ ትንሽ አዩዋት። የሆነ ነገር ሊሉ ነበር፤ ግን የአገራቸው ደንብ አይፈቅድም። እንጨቱን ለሌላ ሰው ሰጡት።

ትርንጎ ዞር ብላ ወደ አባቷ ሄደች። አሸዋው ትኩስ ነበር። ዓይኗም ትኩስ ነበር።

አባቷ እጁ በሞተር ዘይት ጠቁሯል። ቀና ብሎ አያት።

«በላሽ?»

ትርንጎ አለቀሰች። እያለቀሰች ነገረችው። ሁሉም ጋ ሄዳ ጠግቤያለሁ አለች። አንድም ሰው በሞቴ አላላትም።

«አባዬ፣ እነዚህ ሰዎች አይወዱኝም?»

አባቷ እጁን በጨርቅ ጠረገ። ከዚያ ጀልባው ጠርዝ ላይ አስቀመጣትና አጠገቧ ተቀመጠ።

«ልጅ ሆኜ ወደብ ላይ ጭነት እሸከም ነበር» አለ። «ብቻዬን ነበርኩ።»

ትርንጎ ይህን ሰምታ አታውቅም። ማልቀሷን ተወች።

«አንድ ሰውዬ ዳቦ ሊሰጠኝ እጁን ዘረጋ። አፈርኩ። ጠግቤያለሁ አልኩት። ሰውዬው የሌላ አገር ሰው ነው። እሺ አለና ዳቦውን መለሰው።»

«ርቦህ ነበር?»

«በጣም።»

«ከዚያስ?»

«ከጭነቱ ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ።»

«ከዚያስ?»

«ተመልሼ ሄድኩ። ርቦኛል አልኩት።»

«ሰጠህ?»

«ሰጠኝ።»

ትርንጎ አሰበች። እግሯን ወዲያና ወዲህ አወዛወዘች። ታዲያ አያቴ ተሳስተው ነው ወይ ብላ ጠየቀችው።

አያትሽ አልተሳሳቱም አላት አባቷ። እኛ አገር የሚለምንሽ አለ። እዚህ ግን ሰው የሚያምነው የነገርሽውን ነው። ጠግቤያለሁ ካልሽ እሺ ይሉሻል። ርቦኛል ካልሽም እሺ ይሉሻል።

«በነሱ ቋንቋ እንዴት ነው የሚባለው?»

«ኒና ንጃ።»

«ኒና ንጃ» አለች ትርንጎ።

ሂጂ፣ እኔ ከዚህ አይሻለሁ አላት። ትርንጎ ከጀልባው ወረደች።

እንዳይጠፋባት በየእርምጃዋ ትለው ጀመር። ኒና ንጃ፣ ኒና ንጃ፣ ኒና ንጃ።

ግን ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታለች። ሽማግሌው መጭመቂያቸውን በጨርቅ እየሸፈኑ ነው። ጊርር የለም።

የወንድማማቾቹ መጥበሻ ታጥቦ ተደፍቷል። ቸስስ የለም።

የሴቶቹ ትሪ ባዶ ነው። ቀጭ ቀጭ የለም። ድመቷም ሆዷን ለፀሐይ ሰጥታ ተኝታለች።

ትርንጎ ሮጠች። ኒና ንጃ፣ ኒና ንጃ፣ ኒና ንጃ!

የኦክቶፐሱ ጠባሽ ሴትዮ ስማቸው ቢ ዙህራ ነው። «ቢ» ማለት እንደኛ «ወይዘሮ» ነው።

ቢ ዙህራ ፍሙን አጥፍተዋል። ከኦክቶፐሱ የቀረው አንድ እጅ ብቻ ነው። እሱንም ለራሳቸው ምሳ ቆራርጠው በቆርቆሮ ሳህን ጭናቸው ላይ አስቀምጠውታል።

ትርንጎ ቆመች። የሰው ምሳ እንዴት ይጠየቃል?

ቀስ ብላ አንድ እግሯን ወደ ኋላ አደረገች። ልትመለስ ነው።

ሆዷ ግን ጉር፣ ጉር፣ ጉር አለ።

«ኒና ንጃ» አለች በትንሽ ድምፅ።

ባሕሩ ሹሽ አለ። ቢ ዙህራ አልሰሙም።

ትርንጎ ወደ ጀልባዎቹ ዞራ አየች። አባቷ ቆሞ ያያታል። አልጠራትም፣ አልመጣም።

ትርንጎ አየር ሳበች። አየሩ በጥርሷ ቀዳዳ ፉጨት እያሰማ ገባ።

«ኒና ንጃ!» አለች።

ሽማግሌው ዞሩ። ወንድማማቾቹ ዞሩ። ሴቶቹ ዞሩ። ድመቷ እንኳ አንድ ዓይኗን ከፈተች።

የትርንጎ ፊት እንደ በርበሬ ቀላ። አሁን ሊስቁብኝ ነው ብላ አሰበች።

ቢ ዙህራ ግን አልሳቁም። በተቀመጡበት ግንድ ላይ ጠጋ አሉላት። ሳህኑን ከጭናቸው አንሥተው መካከል ላይ አደረጉት።

«ካሪቡ» አሉ።

ትርንጎ ተቀመጠች። ከኦክቶፐሱ ቁራጭ አንሥታ ዓይኗን ጨፈነች። አፏ ውስጥ ከተተችው።

ኛም። መጀመሪያ እንደ ላስቲክ ነጠረባት።

ኛም፣ ኛም። ከዚያ ጭሱ መጣ። ከጭሱ ኋላ ሎሚው መጣ።

ኛም፣ ኛም፣ ኛም። ከሎሚው ኋላ ባሕሩ መጣ። ጠዋት እንትፍ ያለችው ጨው አሁን ጣፈጣት።

ትርንጎ ዓይኗን ከፈተች። «ይጣፍጣል» አለች። በአማርኛ ነው ያለችው። ቢ ዙህራ ግን ገባቸው።

መጨረሻ ላይ ቃሪያው መጣ። ሁህ! ሁህ! ሁህ! ትርንጎ ምላሷን አውጥታ በእጇ ታራግበው ጀመር።

ያኔ ሽማግሌው መጭመቂያቸውን ገለጡ። ጊርር፣ ጊርር! ብርጭቆ ሞልተው እየቸኮሉ አመጡላት።

ወንድማማቾቹም ለራሳቸው ያስቀሩትን ሽሪምፕ አመጡ። ከሴቶቹ አንዷ የሸርጣን እግር ሰብራ፣ ነጩን ሥጋ አውጥታ፣ መዳፏ ላይ አስቀመጠችላት።

ለካ በዚያች ደሴት ጠግቤያለሁ ያለን መለመን ነውር እንደሆነ ሁሉ፣ ርቦኛል ያለን ዝም ማለትም ነውር ነው።

ትርንጎ ከሁሉም ቀመሰች። ሽሪምፑ ቀጨም ይላል። ሸርጣኑ ይለሰልሳል። ሸንኮራው ምላሷን አበረደው።

ሆዷ ጉር ማለቱን ተወ።

ሆዷ ዝም ሲል የትርንጎ ዓይን ሌላ ነገር አየ። የቢ ዙህራ እጅ ጭናቸው ላይ ነው። ከምሳቸው አንዲትም አልቀመሱም።

ትርንጎ ከኦክቶፐሱ ለስላሳውን መረጠች። ሎሚ ውስጥ ነከረችው። እጇን ወደ ቢ ዙህራ አፍ ዘረጋች። እኛ ጉርሻ የምንለው ነው።

ቢ ዙህራ ደንግጠው ወደ ኋላ ሸሸት አሉ። በዚያች ደሴት በሰው እጅ የሚጎርሰው ሕፃን ብቻ ነው።

እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አደረጉ። ራሳቸውን ግራና ቀኝ ወዘወዙ። ጠግቤያለሁ ማለታቸው ነው።

አሁን ምን ይሻላል ልጆች? በደሴቲቱ ደንብ ትርንጎ እጇን መመለስ አለባት። ግን ቢ ዙህራ ምንም አልበሉም። አይታለች።

ትርንጎ እጇን አልመለሰችም። ሎሚው በክርኗ ወረደ።

«በሞቴ» አለች ቀስ ብላ።

ቢ ዙህራ ቃሉን አያውቁትም። ያንን ትንሽ እጅ አዩት። ከዚያ ዓይኗን አዩ።

አፋቸውን ከፈቱ።

ትርንጎ አጎረሰቻቸው። ቢ ዙህራ እያኘኩ ሳቁ፤ እየሳቁ ዓይናቸውን በሻሻቸው ጠረጉ።

ሽማግሌው ዙህራ ዛሬ ሕፃን ሆነች ብለው አሾፉባቸው። ቀጥለው ግን እሳቸውም ጎንበስ ብለው አፋቸውን ከፈቱ።

ወንድማማቾቹም ከፈቱ። ሴቶቹም ከፈቱ። ድመቷ ከሁሉ ቀድማ ከፍታ ነበር።

አባቷ ከጀልባው ወርዶ መጣ። ቅንድቡ ላይ የሞተር ዘይት አለ። ዓይኑን በዘይት እጁ ነክቶ ይሆናል።

ቢ ዙህራ «ካሪቡ» አሉት።

ያ ብዙ የማይናገር ሰው አሸዋው ላይ ተቀመጠ። «ኒና ንጃ» አለ፣ ሁሉም እንዲሰማው አድርጎ።

ትርንጎ ትልቁን ቁራጭ መርጣ አጎረሰችው።

ሲመሽ ወደ ማደሪያቸው ተመለሱ። አባቷ እግሯን ከአሸዋ አጠበላት። እጇንም በሳሙና አጠበላት።

ትርንጎ አልጋዋ ላይ ወጣች። አባቷ አንሶላውን እስከ አገጯ ሳበላት።

«አባዬ፣ የሰውዬው ዳቦ ይጣፍጥ ነበር?»



«ደረቅ ነበር» አለ። ቆየት ብሎ ደግሞ፣ «ይጣፍጥ ነበር» አለ።

ግንባሯን ሳማትና መብራቱን አጠፋ።

ትርንጎ እጇን አሸተተች። ሳሙናው ከላይ ነው። ከሳሙናው ሥር ጭስ አለ፣ ሎሚ አለ፣ ባሕር አለ።

ደስ አላት። ያንን እጇን ጉንጯ ሥር አደረገችው።

ውጭ ባሕሩ ሹሽ... ሹሽ... ሹሽ... ይላል።

ትርንጎ ተኛች።